ስሙ ሲነሳ እንቅልፌ ይጠፋል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። አንዱ ከመሐል ሜዳ ነው፤ ሁለቱ ከደብረ ብርሃን። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም። ጉዳያቸው ግን ጥላቻ ነው፤ ሦስቱም ጥላቻው በራሳቸው ላይ ያደረሰውን ነው የነገሩኝ። ለአዲስ አንባቢዎቻችን፦ እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው። የሥራ ዘመኔም ያለፈው እዚያና ደብረ ብርሃን ነው፤ መጨረሻ ላይ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ሠርቻለሁ። የጠያቂዎቹን ማንነት የሚያሳውቅ ነገር አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የ43 ዓመት ገበሬ ነኝ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። አባቴ ካረፈ በኋላ የአጎቴ ልጅ የእርሻችንን ወሰን ገፋ። የድንበሩን ድንጋይ በሌሊት ነቅሎ ወደ እኛ አስገባው። ከሰስኩት። ሁለት ሰዎች በሐሰት መሰከሩለትና ረታኝ። ይግባኝ ብዬ ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነው። እንደዚህ ሰው ማንንም ጠልቼ አላውቅም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እነቃና እስኪነጋ ስለሱ ሳስብ አድራለሁ። በደጁ ላለማለፍ ብዬ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በዞረው መንገድ ነው። ገበያ ላይ ካየሁት ሳልገበያይ እመለሳለሁ። ሐኪም ደም ግፊት አለብህ ብሎኛል። ባለፈው ደግሞ የ9 ዓመቱ ልጄ የሰውዬውን ልጅ በድንጋይ ፈነከተው። ለምን ስለው «የሌባ ልጅ ነዋ» አለኝ። የንስሐ አባቴ ይቅር በለው ይሉኛል። ይቅር ካልኩት መሬቴን ተውኩለት ማለት አይደለም? ሰውስ ፈራ አይለኝም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመሬቱ ልጀምር። መሬቱን አትተው። ይግባኝህን ቀጥል፤ የቀጠሮ ቀን እንዳያልፍህ። የይዞታ ደብተርህን አዘጋጅ። ድንጋዩ ድሮ የት እንደነበረ የሚያውቁ አዛውንቶችና ወሰንተኞች ካሉ ስማቸውን ጽፈህ ያዝ። በሐሰት መመስከር በሕጋችን ወንጀል ነው፤ እሱንም ለጠበቃህ ወይም ማመልከቻ ለሚጽፍልህ ሰው ንገረው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ሰውዬውን መጥላት አያስፈልግህም።

ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ፍርሃት ስለታየኝ ነው። ጥላቻውን ከለቀቅህ መሬቱን የሚጠብቅልህ የሚጠፋ መስሎሃል። ጥላቻህን እንደ ዘበኛ ቀጥረኸዋል። ዘበኛው ግን ድንበሩ ላይ አልቆመም፤ የቆመው ቤትህ ውስጥ ነው። እስካሁን ድንጋዩን አንድ ክንድ እንኳ አላስመለሰልህም።

እኛ መንዞች ደግሞ ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለብንም። የመንዝን የጋራ የሣር መሬት፣ ጓሳን ተመልከት። ያ ሁሉ ሣር፣ ያ ሁሉ መሬት ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየው በሕግ ነው። አለቃ ተመርጦ፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ ተወስኖ፣ ጥሶ የገባው እየተቀጣ። ጎረቤት ጎረቤቱን ስለጠላ የተጠበቀ ሣር የለም።

እስኪ ደብዳቤህን መልሰህ አንብበው። የአጎትህ ልጅ የወሰደብህ ከእርሻህ ጫፍ ላይ ነው። እንቅልፍህን ግን እሱ አልወሰደም። የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ እሱ አልዘጋብህም። ገበያ መጥተህ ጨውና በርበሬ ሳትገዛ ስትመለስ እሱ አላባረረህም። አንተ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስትነቃ እሱ ተኝቷል። ቀኑን ሙሉ የምትሸከመውን ነገር እሱ አያውቀውም፤ ቢያውቅም አይከብደውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አትርሳ። እኔም እርሳ አልልህም። ግን መወጋቱን በየሌሊቱ ራስህ ላይ እየደገምከው ነው።

ስለ ደም ግፊትህ እንደ ነርስ ልናገር። ሰው የበደለውን ሰው ሲያስብ አካሉ ነገሩ አሁን እየሆነ ይመስለዋል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖች ይለቀቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ትከሻና መንጋጋ ይወጠራል። ይህ የተፈጠረው ጅብ ሲመጣብህ እንድትሸሽ ወይም እንድትታገል ነው፤ ለአጭር ጊዜ። በየሌሊቱ እንዲሆን አልተፈጠረም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ሰዎቹ የበደላቸውን ሰው እያሰቡ ቂማቸውን እንዲያብሰለስሉ ተደረገ፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለዚያው ሰው ይቅርታ ሲያደርጉ እንዲያስቡ። በቂሙ ሰዓት የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው የበለጠ ጨመረ፣ አላባቸው፣ የግንባራቸው ጡንቻ ተኮማተረ። የበደላቸው ሰው በአካባቢው አልነበረም። ሐሳቡ ብቻ በቃ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ አየ። ከብርቱ ቁጣ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመምጣት ዕድሉ ከሌላው ጊዜ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል ይላል። ጤነኛ ሰው ላይ ይህ ዕድል ሲጀመርም ትንሽ ነው። ግፊት ያለበት ሰው ግን ሊያስብበት ይገባል። መድኃኒት ታዞልህ ከሆነ አታቋርጥ፤ ተሽሎኛል ብለህም አትተወው።

አሁን አንድ ሰው ልንገርህ። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን የነበረ ነው። ወንድሙን ገደሉበት። ገዳዩ ታስሮ ቅጣቱን ጨረሰና ወደ ቆላ ወረደ፤ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ገባ። የሟች ወንድም «ደሙን ሳልመልስ ድግስ የለኝም» ብሎ ሳያገባ ቀረ። በሬ ሸጦ ጥይት ገዛ። የገዳዩ ዘመዶች የሚሄዱበትን መንገድ አይሄድም፣ የሚገበዩበትን ገበያ አይገበይም፣ እነሱ በሚያስቀድሱበት አያስቀድስም። ገዳዩ ቆላ ውስጥ አግብቶ ወለደ፣ ማሽላውን ዘራ፣ ከብት አረባ። እዚህ ደግሞ ይኼኛው ገዳዩ መንገድ የሚወጣበትን ቀን፣ የጨረቃውን ወቅት፣ የሚያድርበትን ቤት እየቆጠረ ከረመ። ሐሳቡ እህል አያበላውም ነበር። እናቴ ስታየው «ይሄ ሰው የሚበላው ራሱን ነው» ትል ነበር።

በኋላ ስለ ጥላቻ አንድ ነገር ሳነብ ይህ ሰው ትዝ አለኝ። ለንደን ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ሰዎች የሚጠሉትን ሰው ፎቶ እያዩ ሳለ አንጎላቸውን በመሣሪያ አዩት። ሰው ሲያፈቅር ሌላውን የሚመዝነውና የሚፈርደው የአንጎል ክፍል በሰፊው ይቀዘቅዛል። ሲጠላ ግን የሚቀዘቅዘው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። የሚጠላ ሰው ያሰላል ማለት ነው። ምን እንደምትለው፣ እሱ ምን እንደሚመልስ፣ አንተ ደግሞ እንዴት እንደምታዋርደው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የምትሠራው ይህንን ነው። እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

ያ ሰውዬ በመጨረሻ ታረቀ። አባቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። ብዙ ተመላለሱ። የእርቁ ቀን ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና ተደፋ። ቄሶቹ መስቀል ይዘው ቆሙ፤ ሽማግሌው ሁሉ ተንበርክኮ ስለ መድኃኔዓለም እያለ ለመነ። ካሳውም ተከፈለ። እርቅ ደም ያደርቅ ተብሎ አብረው በሉ። ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብዙ ሰው አያወራውም። ሰውዬው በሳምንቱ አባቴ ዘንድ መጣና «አሁን ጧት ስነሳ ምን ልሥራ?» አለው። ቀልዱን አልነበረም። ሌላ ሥራ አልነበረውም። አባቴ ከራሱ ዘር አበደረው፤ ከአንድ ጎረቤት ጋር በሬ አቀናጅቶ እንዲያርስ አደረገው። ሲቆይ አገባ። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ።

ይህን የነገርኩህ አንተም ያ ባዶነት ስለሚገጥምህ ነው። ጥላቻው ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሰማህ ሰላም ላይሆን ይችላል፤ ሥራ እንደፈታህ ይሰማሃል። ያኔ ተመልሰህ እንዳትገባበት ከወዲሁ የምትይዘው ነገር ይኑርህ። ያልጠገንከው አጥር፣ ያላደረስከው ችግኝ፣ ልጆችህን የምታስጠናበት ሰዓት።

ይቅርታን በተመለከተ የንስሐ አባትህን ልክ አይደሉም አልልም። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ያሉት አባቶቻችን ናቸው። ነገር ግን ሦስት ነገሮች በአንድ ቃል ተጠቅልለውብሃል። ክስን መተው አንድ ነገር ነው። መታረቅ ሌላ ነው፤ እሱ የሁለት ሰው ፈቃድ ይፈልጋል፣ በዳዩም ጥፋቱን ማመን አለበት። ከልብህ ቂሙን ማውጣት ደግሞ ሦስተኛው ነው፤ ይህኛው የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። እኔ የምለምንህ ይህንን ሦስተኛውን ነው። የመጀመሪያውን አታድርግ። ሁለተኛው በጊዜው ይመጣ እንደሆነ ይምጣ።

ሰው ፈራ ይልሃል ወይ ላልከኝ፣ አዎ፣ አንዳንዱ ይልሃል። በተለይ ጠላ ቤት ተቀምጦ የሰው ጠብ የሚያሟሙቀው ይልሃል። እሱ ግን ይግባኝህ ላይ አይመሰክርልህም፤ ታስረህ ብትገባም ስንቅ አያመጣልህም።

ከዚህ ሳምንት ጀምር። ሌሊት ሲቀሰቅስህ ተኝተህ አትታገለው። ተነሥተህ ኩራዙን ወይም ባትሪህን አብራና ለፍርድ ቤቱ የሚጠቅም አንድ ነገር ከመጣልህ ወረቀት ላይ ጻፈው። የማይጠቅም ከሆነ «ነገ ከምሳ በኋላ አስበዋለሁ» በለው፤ ነገ ከምሳ በኋላም እውነትህን ጥቂት ጊዜ ስጠው። ቀን ላይ ቦታ ያገኘ ሐሳብ ሌሊት ይቀንሳል። መንገዱን ደግሞ መልሰህ ያዝ። መጀመሪያ ከባለቤትህ ጋር ሆነህ፣ እሱ እርሻ በሚወርድበት ሰዓት እለፍ። ሰላምታ ካልወጣህ አትበል። እየተመላለስክ ግን ደጁ ደጅ ብቻ ይሆንልሃል።

ስለ ልጅህ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የ9 ዓመት ልጅ ስለ ወሰን ድንጋይና ስለ ሐሰት ምስክር ምን ያውቃል? ማታ ማታ እሳት ዳር ያወራኸውን ነው የወሰደው። አንተ በዞረ መንገድ ስትሄድ አይቷል። አንተ የምትጠላበት ምክንያት አለህ፤ እሱ ምክንያቱን አያውቀውም፣ ጥላቻውን ብቻ ነው የያዘው። ስለዚህ የሰውዬውን ነገር በልጆቹ ፊት ማውራት ዛሬ ይቁም። ሁለተኛ፣ የልጆቹን ጠብ ከመሬቱ ጉዳይ ለየው። ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ ፈልግና ልጅህን ይዘህ የተፈነከተውን ልጅ ጠይቀው። የሕክምናውን ወጪ ክፈል። ባለቤትህ ድፎ ዳቦ ትጋግር። ይህ ከሁሉም እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ግን የተፈነከተው ልጅ ድንጋይ አልነቀለብህም።

አንድ ያልጻፍከው ነገር አለ፤ አገሬን ስለማውቅ እኔ ልጻፈው። ቤትህ ጠመንጃ ካለ፣ በነዚያ ሌሊቶችም ዓይንህ ወደሱ ከሄደ፣ ለዘመድህ ወይም ለምታምነው ሽማግሌ ስጠው። ቀጠሮው እስኪያልቅ እሱ ዘንድ ይቀመጥ። ለምን ብሎ ከጠየቀህም እውነቱን ንገረው። ሐኪምህንም እንቅልፍ እንዳጣህ ንገረው፤ ግፊት ብቻ አስለክተህ አትመለስ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። አጣዬ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረኝ። በሚያዝያ 2013 ከተማዋ ስትቃጠል ሱቄም ቤቴም ነደደ። የእህቴ ልጅ በዚያው ሞተብን። አሁን ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ከልጄ ጋር እኖራለሁ። ያደረጉትን በስም አላውቃቸውም። የሚናገሩትን ቋንቋ ግን አውቃለሁ፤ እኔም እናገረዋለሁ፣ ስነግድበት ኖሬያለሁ። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ያንን ቋንቋ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ስለነሱ ክፉ ክፉውን ሳነብ አመሻለሁ። ባለፈው አንድ የቆየ ደንበኛዬ፣ የዚያው ወገን ሰው፣ ደጋግሞ ደወለልኝ። አላነሳሁለትም። ባለቤቴ «ይኼ ሰውዬ ምን አደረገህ?» ትለኛለች። ቁጣዬ ልክ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፈጣሪ ያጽናዎት። ቁጣዎ ልክ ነው። ቤቱ ነዶበት፣ የእህቱን ልጅ ቀብሮ የማይቆጣ ሰው ካለ እሱ ነው የሚያሳስበኝ።

ግን ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አሪስቶትል ቁጣና ጥላቻን ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ቁጣ በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ያ ሰው የሠራውን እንዲያውቅና እሱም እንዲሰማው ይፈልጋል። ጥላቻ ግን በወገን ላይም ይሆናል። ቁጣን ጊዜ ያበርደዋል፤ ጥላቻን አያበርደውም። የተቆጣ ሰው በደለኛው ዋጋ እንዲከፍል ይሻል። የጠላ ሰው የጠላው እንዲጠፋ ነው የሚሻው። ይህ ከተባለ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እርስዎ ከታክሲ ሲወርዱ ግን ያው ነው።

እኔ የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ሱቅዎን ያቃጠለው ሰው እጅ አለው፣ ስም አለው። ክብሪት የጫረ፣ ያዘዘ፣ መጠበቅ ሲገባው ያልጠበቀ ሰው አለ። እርስዎ ቋንቋውን የሚናገረውን ሁሉ ሲጠሉ ያ ሰው በሚሊዮኖች መሐል ተደበቀ። ማንም አይፈልገውም። የእርስዎ ጥላቻ ለሱ መሸሸጊያ ሆነው። ታክሲ ውስጥ ያለችው ቆሎ ሻጭ ግን የሱን ዕዳ ከፈለች፤ እሷ ስለ አጣዬ ምናልባት በሬዲዮ ብቻ ነው የሰማችው።

ቁጣዎን መልሰው ወደ ሰውዬው ያዙሩት። ያዩትን፣ ሰዓቱን፣ ማን ከማን ጋር እንደነበረ ያስታወሱትን ያህል ጽፈው ያስቀምጡ። የጠፋውን ንብረት ዝርዝር፣ የቀረ ደረሰኝ ወይም የግብር ወረቀት ካለ ይያዙ። የሚመዘግብና የሚጠይቅ ሲመጣ የሚያቀርቡት ነገር ይኑርዎት። ይህ የጥላቻ ሥራ አይደለም። የፍትሕ ሥራ ነው፤ ዕድሜ ልክዎን ቢይዙትም አያሳምምዎትም።

ስልክዎን በተመለከተ አጥብቄ ነው የምለምንዎት። ማታ የሚያነቡትን የሚጽፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አጣዬን በዓይኑ አላያትም። የእርስዎን ሐዘን ይፈልገዋል፤ ባነበቡለት ቁጥር እሱ ያተርፋል። እርስዎ ግን ከዚያ በኋላ ለባለቤትዎ ሁለት ቃል ሳይናገሩ ነው የሚተኙት። እነዚያን ገጾች ልጅዎ ያጥፋልዎት፤ ልጆች ይህን ሥራ ያውቁበታል።

ከጥላቻው ሥር ያልወጣ ሐዘን እንዳለም እጠረጥራለሁ። ስለ እህትዎ ልጅ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው። አለቀሱለት? ከእህትዎ ጋር ተቀምጠው ስለሱ አውርተዋል? በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ ማልቀስ ያቃታቸው ሰዎች መጥላት አላቃታቸውም። ጥላቻ ብርቱ ያደርጋል፤ ሐዘን ያዳክማል፤ ሰው የሚያበረታውን ይመርጣል። እሳቱ በሕልምዎ የሚመጣ ከሆነ፣ ጢስ ሲሸትዎት ልብዎ የሚዘል ከሆነ፣ ድምፅ ሲሰሙ የሚደነግጡ ከሆነ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። ይህ እብደት አይደለም። እሳት ያየ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ሕክምናም አለው።

የቀረችው ያቺ ስልክ ናት። ደንበኛዎ ደጋግሞ የደወለው ለምን ይመስልዎታል? ዕዳ ሊከፍል ይሆናል። እንዴት ነህ ሊልዎት ይሆናል። አፍሮም ይሆናል። የሱን አሳብ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም፣ ስላላነሱት። ይደውሉለት። ብዙ ማለት የለብዎትም። «ደውለህ ነበር» ማለት ይበቃል፤ ከዚያ እሱ ይናገር። የሚያሳዝን ነገር ከተናገረ ስልኩን የመዝጋት መብት አለዎት። ግን እሱን ራሱን ሰምተው ይፍረዱት። ባለቤትዎ የጠየቁዎት ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እንደዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ትዳር ስይዝ ልጅ ቶሎ ስላልወለድኩ አማቴ ብዙ በድለውኛል። በሰው ፊት መካን ብለውኛል፤ ባለቤቴንም ሌላ አግባ ብለው መክረውታል። ዛሬ ስትሮክ መቷቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ እኔ ቤት። የማጥባቸውም የማጎርሳቸውም እኔ ነኝ። አንዳንዴ ሲያቃስቱ ደስ ይለኛል። ከዚያ ራሴን እፈራዋለሁ። ክፉ ሰው ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይደለሽም። ክፉ ሰው ቢሆን ይህን ደብዳቤ አይጽፍም ነበር። ደስታው ብቅ ሲል ደንግጠሽ አትጨቁኚው፤ አትመግቢውም። «አዎ፣ በድለውኛል፣ አልረሳሁትም» ብለሽ ለራስሽ ንገሪና የጀመርሽውን ጨርሺ። የተበደልሽው እውነት ነው። መታመማቸው ያንን አያጠፋውም፤ ማንም «አሁንማ ታመዋል፣ እርሺው» እንዲልሽ አትፍቀጂ። ለባለቤትሽም ያኔ ያጎደለብሽን በቀስታ ንገሪው። ይህ ሁሉ በአማትሽ ብቻ የመጣ አልመሰለኝም፤ ዝም ያለም ሰው ነበር።

የሚያሰጋኝ ድካምሽ ነው። ብቻውን የሚያስታምም ሰው ቂም ባይኖርበት እንኳ እጁ ይከብዳል። አንቺ ደግሞ ቂሙም አለብሽ። ስለዚህ ብቻሽን አትሁኚ። የባለቤትሽ እህቶች ካሉ በዚህ እሑድ ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው፤ ቀን ተከፋፈሉ። በጣም በደከመሽና በተናደድሽ ሰዓት ገላቸውን አትጠቢ፤ ሌላ ሰው እስኪመጣ ይቆይ። ካጠቧቸው በኋላ ጀርባቸው፣ ተረከዛቸውና ዳሌያቸው ላይ መቅላት መኖሩን እዩ፤ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባቸው በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን መገልበጥ ያስፈልጋል። ሲጎርሱ ቀና ብለው ይቀመጡ፤ ትን ካላቸው ወይም ካሳላቸው ምግቡን አቁመሽ ሐኪም ጠይቂ። የተራውን ዝርዝር ወረቀት ላይ ጻፉትና ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። የባለቤትሽም ስም ይግባበት።